ከጎተራ ላይ ያወረድኳት ጀልባ

ወልድያ ላይ ጀልባ እጠግናለሁ ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። የባጃጅ ሾፌሮቹ ጋራዤ በር ላይ ቆመው «ጌታው፣ ጎርፉ ሲመጣ ለእኛም ቦታ ያዝልን» ይሉኛል፤ እኔም «እናንተን የጫነች ዕለት ትሰምጣለች» እላቸዋለሁ። መተዳደሪያዬ የመኪና አካል ነው። የተጋጨ በር አቃናለሁ፣ የባጃጅ ፊት እለጥፋለሁ፣ ስቱኮ እቀባለሁ፣ ቀለም እረጫለሁ። ጀልባው ግን ሥራ አይደለም፣ አመል ነው። ሚስቴ «በሽታ ነው» ትላለች፤ እሷም አልተሳሳተችም።

የማድነው ያገኘሁትን ጀልባ ሁሉ አይደለም። በንጉሡ ዘመን ከውጭ የመጡ የፋይበር ሞተር ጀልባዎች አሉ፤ አፍንጫቸው ሾል ያለ፣ ከፊት መስታወት ያላቸው፣ ወለላቸው ጣውላ የሆነ። የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የዛሬውን ፋይበር በአውራ ጣትህ ብትጫነው ይረግባል፤ የእነሱን በመዶሻ ብትመታው መዶሻው ነው የሚመለሰው። ከዚህች በፊት ሁለት አግኝቼ አድሻለሁ። አንዷን ዶሮ ሲያረቡባት ደረስኩ፤ ሌላዋ ላይ ሲሚንቶ ያቦኩባት ነበር። ሰው ምን ያህል ደንቆሮ እንደሆነ ማየት የሚፈልግ አሮጌ ጀልባ ፍለጋ ይውጣ።

ግን ልዋሽ አልፈልግም፤ ይህ ሁሉ ልፋት ከፍቅር የመጣ አይደለም። ከጥላቻ ነው።

አባቴ ሐይቅ ከተማ፣ በሐይቁ ላይ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ጀልባ ነጂ ነበር። ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ የሚነዳት ጀልባ ጠፋች። አባቴ «ነፋስ መትቶ አሰመጠብኝ» አለ። የመሥሪያ ቤቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ደግሞ «አልሰመጠችም፤ አውጥቶ ሸጧታል» ብሎ መሰከረበት። አባቴ ታሰረ። ሲፈታ ወደ ትውልድ ከተማው ወደ ወልድያ ይዞን መጣ፤ ሥራ የሚሰጠው አጣ፤ ሌባ እንደተባለ ሞተ። እኔ ትምህርት ቤት ስሜን የሚጠራኝ አልነበረም። «የጀልባ ሌባ ልጅ» ነበር የምባለው። የተደባደብኩትን ድብድብ ብቆጥረው አያልቅም።

አባቴ በሕይወት ሳለ ደጋግሞ የሚነግረኝ አንድ ነገር ነበር። ጀልባዋ ሳትጠፋ በፊት ሆዷ ድንጋይ ነክቶ ተቀዶ ነበር። ከግምጃ ቤቱ ፋይበር ጨርቅ ጠየቀ፤ ያ ኃላፊ «የለም» አለው። አባቴ እልኸኛ ነው፤ የእናቴን ነጠላ ወስዶ፣ የተረፈችውን ሬዚን፣ ፋይበሩን የሚያደርቀውን ሙጫ፣ አጠጥቶ፣ ከውስጥ በኩል በቀዳዳው ላይ ለጠፈው፣ ኃላፊው ቆሞ እያየው ወለሉን መልሶ መታበት። ይህን ሲያወራ ደረቱን ነፍቶ ነበር። እኔ ግን ሙያውን ስማር ምን ዓይነት ስህተት እንደሆነ ገባኝ። ጥጥ እንደ ፋይበር አይደለም፤ በጠርዙ በኩል ውሃ ይስባል፣ ያብጣል፣ ሁለት ክረምት ሳይሞላው በስብሶ ይለቃል። እኔም ነገሩን በልቤ ዘጋሁት፦ ጀልባዋን ያሰመጣት ያ ልጥፍ ነው፤ ልጥፉን ያመጣው ፋይበር የከለከለው ሰውዬ ነው። ራሱ አስምጦ ራሱ መሰከረ።

እና ይህ ሰውዬ የት የሚኖር ይመስላችኋል? ከጋራዤ ፊት ለፊት! እሱም የወልድያ ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ «ንብረት በትክክል አልጠበቅህም» ብሎ እሱንም አባሮት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የአባቱ ቤት ገብቶ ተቀመጠ። በየቀኑ በሩ ላይ አግዳሚ አውጥቶ፣ መቁጠሪያውን ይዞ፣ መንገዱን ያያል። እኔ ጋራዤን ስከፍት እሱ አለ፤ ስዘጋም አለ።

አድጌ አፌን ስፈታ በቅሬያችን ስብሰባ ላይ ተነሣሁ። ቅሬ የምንቀባበርበት፣ በደስታም በኀዘንም የምንረዳዳበት የሰፈር ማኅበር ነው፤ እዚያ የወጣብህ ስም አይለቅህም። «ይህ ሰው አባቴን በሐሰት ምስክርነት ገድሎታል» አልኩ። አንቱ የሚባለውን ሰው በሰው ፊት አንተ አልኩት። «እውነት ተናግሬያለሁ ካልክ ቁርኣን ይዘህ ማል!» የቅሬው ዳኛ ወደ እሱ ዞረው «ምን ይላሉ?» አሉት። ሰውዬው ብድግ ብሎ «በሞተ ሰው ላይ ቁርኣን አልይዝም» አለና ተቀመጠ። «አያችሁ!» ብዬ ጮህኩ። «አያችሁ፣ ፈራ!»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ስሙ የሐሰት ምስክር ሆነ። ሴት ልጁን ሊያጩ ሽማግሌ ልከው የነበሩ ሰዎች ቀሩ። በሽምግልና ሲጠራ የነበረ ሰው ማንም የማይጠራው ሆነ። ደስ አለኝ፣ ወላሂ ደስ አለኝ። እንቅልፍ የሚባል ነገር የዚያን ሰሞን ነው ያወቅሁት። ግን አልበቃኝም። አባቴ የነዳት ዓይነት ጀልባ አግኝቼ፣ አሳምሬ አድሼ፣ የአባቴን ስም በትልልቁ ጽፌባት፣ በዚያ ሰውዬ አፍንጫ ሥር ላቆማት ፈለግሁ። ከዚያ ሐይቅ ላይ አውርጄ ልነዳት።

የመርሳ ማንጎ ወደ ወልድያ የሚያመላልስ ሾፌር ነው የነገረኝ። የበር መስታወት ላስገባለት ተቀምጦ «አንተ ሰውዬ፣ መርሳ አጠገብ፣ ግራና ላይ፣ ጎተራ የከደነች ጀልባ አለች» አለኝ። ሥራውን ጥዬ በነጋታው ሄድኩ። እስከ መርሳ በሚኒባስ፣ ከዚያ በባጃጅ አቧራ እየጠጣሁ።

ሾፌሩ እውነቱን ነበር። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ግቢ ውስጥ፣ በማሽላ ጎተራ ላይ፣ ጀልባዋ ተደፍታ ተቀምጣለች። ፀሐይ እንዳይበላት ብለው አረንጓዴ ቀለም ለቅልቀዋታል፤ የበር ቀለም! በጣቴ አንኳኳኋት፤ የጠራ ድምፅ ሰጠች። ያው ናት፣ አባቴ የነዳት ዓይነት። ሽማግሌው ግን ከደጃፋቸው ላይ ሆነው ከመጣሁ ጀምሮ እንደ ሌባ ነበር የሚያዩኝ።

«ይህቺን ከየት አመጧት?» አልኳቸው።

«ከውሃ» አሉኝ።

«ከየትኛው ውሃ?»

«ጀልባ ከየት ይመጣል? ከውሃ ነዋ። አባቴ በክፉ ዘመን በማሽላ ለውጠው አመጧት።»

«ከማን?»

«ከራበው ሰው። አንተ ዕቃ ገዢ ነህ ወይስ መርማሪ?»

ከዚህ በላይ አልጠየቅሁም። ለምን አልጠየቅሁም? አላውቅም ብል ውሸት ነው። ሦስት አራት ጀልባ ባንድ ጊዜ ነው ሐይቅ የገባው ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ከሌሎቹ አንዷ ናት ብዬ ራሴን አሳመንኩ። የአባቴ ጀልባ እንደሆነች ሐይቁ ሆድ ውስጥ ነች። ሽማግሌው «ጎተራዬን ሳትከድን አንድ እግር አታንቀሳቅሳትም» ብለው ድርቅ አሉ። አዲስ ቆርቆሮ አምጥቼ፣ በገዛ እጄ ጣሪያ ሠርቼላቸው፣ እሳቸው ከሥር ሆነው ምስማሩ ጠመመ እያሉ ሲሰድቡኝ ውዬ፣ ጀልባዋን በጭነት መኪና ላይ አሰርኳት።

ወልድያ ስንገባ ሰፈሩ በሙሉ ወጣ። ሕፃናቱ ይጮሃሉ፣ የባጃጅ ሾፌሮቹ ጥሩምባ ይነፋሉ። ጎረቤቴ አግዳሚው ላይ ነበር። መኪናው ሲዞር የጀልባዋ አፍንጫ ወደ እሱ በኩል መጣ። መቁጠሪያውን አቆመ። ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ቀስ ብሎ ተነሣና ቤቱ ገባ፣ በሩንም ዘጋ። «ነደደ!» አልኩ ለሠራተኞቼ። «ገና ምን አየና!»

ሥራውን ጀመርኩ። አረንጓዴውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት፤ ከሥሩ ነጭና ሰማያዊ ወጣ። የአባቴም ነጭና ሰማያዊ ነበረች፤ ይህም አላስደነገጠኝም፣ ሁሉም ያው ናቸው አልኩ። ሆን ብዬ ዓይኔን የጨፈንኩ ሰው ነበርኩ። የወለሏ ጣውላ ግን ምስጥ በልቶት መነቀል ነበረበት። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሠራተኞቹን አሰናብቼ ብቻዬን መንቀል ያዝኩ። አንድ ጣውላ፣ ሁለት ጣውላ። ሦስተኛው ሲነሣ አንድ ነገር አየሁ።

ነጠላ ነው። በሬዚን የደረቀ ነጠላ። ጥለቱ ቀይና ቢጫ፣ እንደ ትናንት ጥርት ብሎ ይታያል። አንድ ክር አልበሰበሰም።

ተቀመጥኩ። ከማንም በላይ እኔ አውቀዋለሁ፤ ጥጥ ውሃ ውስጥ እንዲህ አይቆይም። ይህች ጀልባ ከተለጠፈች በኋላ ውሃ አልገባችም ማለት ነው፣ ብትገባም ለጥቂት ቀን። አልሰመጠችም። ከሐይቅ ወጥታ፣ ውጫሌን አልፋ፣ ውርጌሳን አልፋ፣ ግራና ገብታ ጎተራ ላይ ተደፍታ ኖራለች። አባቴ ሸጧታል። ያ ሰውዬ ያለው በሙሉ እውነት ነው። እኔ የተደባደብኩለት፣ ሰው ያዋረድኩለት፣ የኮራሁበት ነገር ሁሉ ውሸት ነው። አባቴን በዚያች ሰዓት ከመቃብር አውጥቼ ብጮህበት ደስ ባለኝ።

እናቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ሰማንያን ተሻግራለች፤ ጆሮዋ ደከም ብሏል እንጂ ሌላው ደህና ነው። እጇን ይዤ አመጣኋትና አሳየኋት። ጎንበስ ብላ ጥለቱን በጣቷ ዳሰሰችው።

«የሠርጌ ነጠላ ናት» አለች።

«እማዬ፣ ታውቂ ነበር?»

«ምኑን?»

«ሸጧት እንደነበር!»

ቀና ብላ አየችኝ። እንዲህ ያለ ዓይን አይቼባት አላውቅም። «አትጩህብኝ» አለች። «ያኔ እህል ያልነካው ሆድ ነበር የነበራችሁ። ታናሽ እህትህን በዚያው ሰሞን ቀብረናት ነበር። አንተም ልትከተላት አንድ ሐሙስ ነበር የቀረህ። ያ ማሽላ ነው ያቆመህ። አሁን ዝጋው!»

«ሰውዬውስ? በቅሬው ፊት ሐሰተኛ አልኩት እኮ! አጠገቤ ተቀምጠሽ ነበር፤ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? ባሌ ሌባ ነው ልበል?» አለች በቁጣ። «ስሞት የፈለግኸውን ተናገር። በሕይወቴ ግን የሌባ ሚስት ተብዬ በሴቶች መሐል አልቀመጥም። ጡቴን ጠብተህ ከሆነ ዝጋው።»

ዘጋሁት። ምን ላድርግ? በነጠላው ላይ ሦስት ድርብ አዲስ ፋይበር ዘርግቼ ሬዚን አጠጣሁት፤ አዲስ ወለል መታሁበት። የአባቴን ስም ግን አልጻፍኩባትም። ሠራተኞቼ ሲጠይቁኝ «አያገባችሁም» አልኳቸው። የዚያን ሰሞን ሰው ሁሉ ይሸሸኝ ነበር። ደንበኛ እሰድባለሁ፣ ዕቃ እወረውራለሁ፣ እናቴ ያቀረበችልኝን ምግብ ሳልነካ እወጣለሁ። እሷም ብትሆን አታናግረኝም ነበር። አንድ ቤት ውስጥ ተዘጋግተን ከረምን።

ክረምቱ መሐል ላይ የጎረቤቴ አግዳሚ ባዶ ሆነ። ታሟል ተባለ። ሳምንት ታገስኩ፤ ከዚያ የመርሳ ማንጎ በፌስታል ይዤ በሩን አንኳኳሁ። ቤቱን ረግጬው አላውቅም ነበር። ሴት ልጁ ከፈተችልኝ፤ ያቺ ሽማግሌዎቹ የቀሩባት። አላገባችም። ማንጎውን ሳትቀበለኝ መንገድ ለቀቀችልኝ።

ሰውዬው አልጋው ላይ ተደግፎ ነበር። ከስቷል።

«እንዴት ዋሉ?» አልኩ።

«ምን ፈለግህ?»

«ልጠይቅዎት ነው።»

«ጠየቅህ። ሂድ።»

አልሄድኩም። ቆሜ ቀረሁ። እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። እሱ አየኝና «ያቺን ጀልባ» አለ፤ ትንፋሹ ያጥረዋል። «ወለሏን ነቅለሃታል?»

ገባኝ። ስታልፍ ካያት ጀምሮ ያውቅ ነበር። ፋይበር የከለከለው እሱ፣ ልጥፉን ያየው እሱ። ወራት ሙሉ ከፊቴ ተቀምጦ ወለሉን እስክነቅል ይጠብቅ ነበር። በሩን አንኳኩቶ «ንቀለውና እይ» አላለኝም። እንደማየው ያውቃል፤ ካየሁም እንደምመጣ አምኖ ነበር። የእናቴ ፊት መጣብኝ።

«አልነቀልኩም» አልኩ። «ደህና ነበረ፤ አልነካሁትም።»

ዓይኑን ጨፈነ። «ልጄ» አለ ሴት ልጁን፣ «ይህን ሰውዬ አስወጪልኝ።»

ከሳምንት በኋላ ሞተ።

አንድ ቅሬ ነንና ከቀብር ቀርቼ አላውቅም። መቃብሩን ከቆፈሩት አንዱ ነበርኩ፤ ማንም ሳይጠራኝ ዶማ ይዤ ሄድኩ። ሰዎቹ ተያይተው ቦታ ለቀቁልኝ። ጀናዛው በቃሬዛ መጥቶ ተቀመጠ። ሶላቱ ሳይጀመር ወንድ ልጁ ከፊት ወጥቶ ቆመ። እድሜያችን እኩል ነው፤ ልጆች ሳለን ከእሱም ጋር ተደባድቤያለሁ። በእኛ ዘንድ ሰው ሳይቀበር ቤተሰቡ ይቅርታ ይጠይቅለታል።

«አባቴ በሕይወቱ ያስቀየማችሁ፣ ሐቃችሁ ያለበት ሰዎች ካላችሁ፣ ለአላህ ብላችሁ አውፍ በሉት» አለ።

«አውፍ ብለናል!» አለ ሰዉ ባንድ ድምፅ።

እኔ አፌን አልከፈትኩም። ልጁም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ወደ እኔ ነው የሚያየው። አንድ በአንድ ሰዉም ዞረ፤ ዳኛው፣ ኢማሙ፣ የባጃጅ ሾፌሮቹ። ምን እንደሚጠብቁ ቆይቶ ነው የገባኝ። በእነሱ ዓይን በሐሰት ምስክርነት የተበደልኩት እኔ ነኝ። ሟቹ ሸክሙ ቀሎለት እንዲሄድ ይቅር እንድለው እየለመኑኝ ነው።

«እሱ አልበደለኝም» ልል ነበር። ወላሂ ልል ነበር፤ ቃሉ ጥርሴ ላይ ደርሷል። ከመቃብሩ አጥር ውጭ ሴቶቹ ቆመዋል፤ እናቴ በታላቅ እህቴ ልጅ ክንድ ተደግፋ ከፊት ናት። ጆሮዋ ደከም ያለ ሴት ናት፣ ከዚያ ርቀት ምንም አትሰማም። ግን አፌን ነበር የምታየው።

«አውፍ ብዬዋለሁ» አልኩ።

ልጁ ሰዉን አቋርጦ መጣና አቀፈኝ። ትከሻዬን ሳመኝ፤ እንባው አንገቴን ነካኝ። «አላህ ይስጥልኝ» አለኝ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ወንድሜ ነህ።» ኢማሙም «በሉ ሰልፍ ያዙ» አሉና ሰዉ እኔን ከፊተኛው መስመር አስገባኝ።